የሩቅ ለቅሶ፦ ስለ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩና ስለ ተማሪ ቤት ቴአትራቸው



እንደሚታወቀው ዕድራችን የተቋቋመው ወዳጅ ዘመድ ሲሞት ድንኳን ለመትከል፣ ንፍሮ ለመቀቀልና ሐዘንተኛውን ለማጽናናት ነው። አፈር ከተመለሰና ሦስቱ ቀን ካለፈ በኋላ ግን ድንኳኑ ይነቀላል፣ አግዳሚው ወደ መጋዘን ይገባል፣ ሟቹን የማስታወሱ ሥራ ለቤተሰቡ ብቻ ይቀራል። ይህ ዓመታዊ መጽሔት ያንን ሥራ በመጠኑም ቢሆን አብረን የምንሠራበት ነው። ዘንድሮ የምንጽፍላቸው ሰው ግን በዕድራችን መዝገብ ስማቸው የለም። የዶርዜም የጨንቻም ልጅ አይደሉም። ቀብራቸው ላይም አልቆምንም። «ታዲያ ምን አገናኘን?» የሚል አባል ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ፣ አስቀድመን ነገሩ ከየት እንደ ተነሣ እንንገራችሁ።

በሠፈራችን ያሉ ወጣቶች አጭር ቴአትር አዘጋጅተው ድንኳንና አግዳሚ እንድናውሳቸው ጠየቁን። አዋስናቸው። የቴአትሩ ታሪክ ልጇ ለሽመና ሥራ ወደ አዲስ አበባ ወርዶ በዚያው የሞተባት እናት መርዶ ሲነገራት የሚያሳይ ነው። የእናቲቱን ቦታ የያዘችው አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። በልምምዱ ላይ ያዩዋት ሁሉ እንባቸውን እንዳልቻሉ ነግረውናል። ቀኑ ሲቃረብ ግን ወላጆቿ «አዝማሪ ልትሆኚ ነው ወይ? ማን ያገባሻል?» ብለው ከለከሏት። ወጣቶቹ ሽማግሌ እንድንሆናቸው ወደ እኛ መጡ። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ከእኛም መካከል «ወላጆቿ እውነታቸውን ነው፤ ሴት ልጅ በሰው ፊት ምን ትሠራለች?» ያልን ነበርን። ስለዚህ ሽምግልናው ቀረ።

በመጨረሻ አንድ ወንድ ልጅ ሻሽ አስሮ፣ ነጠላ ተከናንቦ የእናቲቱን ቦታ ያዘ። መርዶው ሲነገር እሪ ብሎ ደረቱን ሲደቃ ተመልካቹ ሳቀ። ሊለቀስበት የሚገባው ቦታ ላይ ተሳቀ ማለት ነው። እኛ የዕድር ሰዎች መርዶ ምን እንደ ሆነ እናውቃለን። ስንቱን ደጅ በሌሊት አንኳኩተናል። በዚያ ሳቅ ውስጥ ተቀምጠን ያፈርነውን ያህል በሌላ ጊዜ ያፈርን አይመስለንም። ወደ ቤት ስንመለስ አንድ አረጋዊ አባላችን «ይኸ ነገር እኮ ዛሬ አልተጀመረም፤ በአዲስ አበባም እንዲሁ ነበር፤ ያስቀሩት ሰዎች ናቸው» አሉ። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣን ይህ ነው።

እስቲ ከመጀመሪያው እንነሣ። በአገራችን በዘመናዊ መልክ ተጽፎ ለመድረክ የበቃው የመጀመሪያው ቴአትር የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። በ1913 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ታየ። አውሬዎችን እያናገረ የጊዜውን ሹማምንት ይነካ ስለ ነበር ቤተ መንግሥቱ አልወደደውም፤ ቴአትርም ታገደ። ከ1923 ዓ.ም. የንግሥ በዓል ጋር ተያይዞ ግን ነገሩ እንደ ገና ነፍስ ዘራ። ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው ተማሪዎችን እየሰበሰቡ ቴአትር ያሳዩ ነበር። በ1927 ዓ.ም. የጣልያን ወረራ ሲያንዣብብ የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ፤ ሕዝቡን በንግግር፣ በዘፈንና በቴአትር ለመከላከያ ያነሣሣ ጀመር።

በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ግን በሕዝብ መድረክ ላይ ንግሥቲቱም፣ ሙሽራይቱም፣ እናቲቱም ወንድ ነበሩ። እኛ ያየነው ሻሽ ያሰረ ወንድ ልጅ ማለት ነው። ዘፋኝ አዝማሪ ይባል ነበር፤ አዝማሪ ማለትም ስድብ ነበር። ሴት ከሆነች ደግሞ ስድቡ እጥፍ ይሆናል። ታላቋ ተዋናይና ክራር ተጫዋች አስናቀች ወርቁ በ1940ዎቹ ዓ.ም. «የፍቅር ጮራ» በሚባለው ቴአትር ላይ እስከ ቆሙ ድረስ ነገሩ በዚህ መልክ ቆየ። አስናቀች በመስከረም 2004 ዓ.ም. ዐርፈዋል፤ ስለ እርሳቸው ለብቻው ቢጻፍ ይገባል።

ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ግን ሥራቸውን የያዙት በሌላ በር በኩል ነው። በትምህርት ቤት በር።

ወይዘሮ ስንዱ በ1908 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በአዲስ ዓለም አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በውጭ አገር የተማሩ፣ ብዙ ቋንቋ የሚያውቁ፣ በ1911 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ከተላኩት የኢትዮጵያ መልእክተኞች አንዱ የነበሩ ሰው ናቸው። በዚያ ዘመን ሴት ልጅን ማስተማር ገንዘብ መጣል የሚመስለው ሰው ብዙ ነበር። ከንቲባ ገብሩ ግን ሴት ልጆቻቸውን ወደ ስዊዘርላንድ ልከው አስተማሩ። ስንዱ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ተምረው ከወረራው በፊት ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ጣልያን ሲገባ ወጣቷ ስንዱ ቤት አልተቀመጡም። ወደ ጎሬ ወርደው ከቀይ መስቀል ሰዎችና ከአርበኞች ጋር ቆዩ። በኋላም ተይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ የሆነውን ሁላችን እናውቃለን። ለሦስት ቀን ከተማው ታረደ፤ በኢትዮጵያ በኩል የተቆጠረው ሟች 30,000 ነው። ከሞት ከተረፉት የተማሩ ሰዎችና የመኳንንት ቤተሰቦች ብዙዎቹ በመርከብ ተጭነው ወደ ጣልያን አገር ተጋዙ። ስንዱም አዚናራ ወደምትባል ደሴት ከተጋዙት አንዷ ነበሩ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 21 ነበር። በእኛ አገር በዚህ ዕድሜ ያለች ልጅ እንዝርት ይዛ በእናቷ ቤት ወይም በባሏ ቤት ደጃፍ የምትቀመጥ ናት። እርሳቸው ግን የባሕር እስረኛ ሆኑ።

ነፃነት በ1933 ዓ.ም. ከተመለሰ በኋላ ወይዘሮ ስንዱ መምህር ሆኑ። በደሴ በወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ሠሩ። ከዚያም በአዲስ አበባ የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ለመሆን በቁ፤ በዚያ ቦታ የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት እርሳቸው ናቸው። ትምህርት ቤቱ በ1920ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ለሴት ልጆች የተከፈተ፣ በስድስት ኪሎ የሚገኝ ነው።

እንግዲህ የእኛ ነገር እዚህ ላይ ይገባል። ስድስት ኪሎን የማያውቅ የዶርዜ ሸማኔ ቤተሰብ አለ ወይ? አባቶቻችን ከዚህ ከደጋው ተነሥተው፣ ወንድም ወንድሙን፣ አጎት የእኅቱን ልጅ እየሳበ፣ አዲስ አበባ ሄደው የሠፈሩት በሽሮ ሜዳና በጉለሌ ነው። ከሽሮ ሜዳ ሸማ ተሸክሞ ወደ ከተማው የሚወርድ ሰው በስድስት ኪሎ ማለፉ የግድ ነው። አባቶቻችን ጋቢውንና ነጠላውን በትከሻቸው ይዘው በዚያ መንገድ ሲወርዱ፣ ከአጥሩ ወዲያ ወይዘሮ ስንዱ ሴት ልጆችን መድረክ ላይ አቁመው ቴአትር ያስጠኑ ነበር። አንዱ ሌላውን አላወቀም። መንገዱ ግን አንድ ነበር።

ወይዘሮ ስንዱ ለተማሪዎቻቸው ቴአትር ራሳቸው ይጽፉ ነበር፤ ራሳቸው ያዘጋጁም ነበር። ወደ ሃያ የሚጠጉ ቴአትሮች እንደ ጻፉ ይነገራል። አብዛኞቹ ስለ አገር ፍቅር፣ ስለ አርበኝነት፣ ስለ አምስቱ ዓመት መከራ ናቸው። በ1942 ዓ.ም. ደግሞ «የልቤ መጽሐፍ» የተባለውን ድርሰታቸውን አሳተሙ። በሴት ጸሐፊ እጅ ተጽፈው በአማርኛ ከታተሙት ቀደምት መጻሕፍት አንዱ ነው።

ይህ ሥራ ምን ማለት እንደ ነበረ ለማወቅ ቴአትር እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ ማሰብ ያስፈልጋል። ቴአትር አዘጋጅ ማለት ጽሑፉን ይዞ የሚያነብ ሰው ብቻ አይደለም። ማን የማንን ቦታ እንደሚይዝ ይመርጣል። የምታፍረውን ልጅ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ ይላል። አንገቷን የደፋችውን ቀና በይ ይላል። የምትቸኩለውን ያዘገያል። ሌላው ሲናገር ዝም ብሎ መስማትንም ያስተምራል። አንድ ቴአትር አንድ ሰዓት ቢታይ ከኋላው የወራት ልምምድ አለ። በሸማ እንመስለው ካላችሁ፣ ተመልካቹ የሚያየው ጥለቱን ነው፤ ድሩን የዘረጋው፣ ማጉን የወረወረው፣ የተበጠሰውን እየቀጠለ ያደረው ሰው ግን አይታይም። የመድረክ አዘጋጅ ያ ሰው ነው።

እንግዲህ አስቡት። በየቤቷ «ዝም በይ፣ ሴት ልጅ አትናገር» ስትባል ያደገች ልጅ ወደ ወይዘሮ ስንዱ ትምህርት ቤት ትመጣለች። እዚያ በሰው ፊት ቆማ እንድትናገር ትደረጋለች። የምትናገረውም ስለ አገሯ ነው። የምትናገረውንም የጻፈላት ሴት ናት፤ ያቺም ሴት ለዚያው ነገር የታሰረች ናት። ይህ ከሒሳብና ከስፌት ትምህርት የሚያንስ አይደለም። በእኛ አስተያየት እንዲያውም ይበልጣል። ከትምህርት ቤት የወጣችው ልጅ ሁሉ ተዋናይ አልሆነችም፤ እንድትሆንም አልተፈለገም። ነገር ግን በቢሮም፣ በሐኪም ቤትም፣ በፍርድ ቤትም ቆማ «አለሁ፤ የምለው አለኝ» ለማለት የሚያስችል ጉሮሮ ይዛ ወጣች።

ለዚህ ምስክሩ ራሳቸው ወይዘሮ ስንዱ ናቸው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሴቶችም የመምረጥና የመመረጥ መብት ሰጠ። ከዚያ በኋላ በተደረገው የመጀመሪያው አጠቃላይ ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ከአዲስ አበባ ተወዳደሩና ተመረጡ። ለኢትዮጵያ ፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ፤ በኋላም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደረሱ። በወንዶች መካከል ብቻቸውን ተቀምጠው ሲናገሩ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም ብንል የተጋነነ አይሆንም፤ መድረክን ያውቁታልና። ከዚያም በጀርመን አገር በኢትዮጵያ ኤምባሲ ውስጥ ሠርተዋል። በሚያዝያ ወር 2001 ዓ.ም. በ93 ዓመታቸው በአዲስ አበባ ዐረፉ።

አንድ ነገር እንጨምር። እቴጌ መነን ይባል የነበረው ትምህርት ቤት ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ስሙ ተለውጦ «የካቲት 12» ተባለ። ወይዘሮ ስንዱን ለግዞት የዳረገው ቀን እርሳቸው ያስተዳደሩት ትምህርት ቤት ስም ሆነ ማለት ነው። የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልትም፣ ቦምቡ የተወረወረበት ግቢም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወስደው የአባቶቻችን መንገድም ሁሉም ስድስት ኪሎ ላይ ይገናኛሉ። ልጆቻችን ለትምህርትም ሆነ ለሥራ ወደዚያ ሲሄዱ ይህን አውቀው ቢያልፉ መልካም ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስ። «አዝማሪ ልትሆኚ ነው ወይ?» የሚለው ቃል ከእኛ አፍ ሲወጣ ሊያሳፍረን የሚገባው ለምን እንደ ሆነ እንናገር። እኛ እኮ በሙያችን የተሰደብን ሰዎች ነን። አባቶቻችን ያለበሱት ሰው ሸማቸውን ለብሶ፣ መልሶ «ቁጢት በጣሽ» ይላቸው ነበር። ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። አዋጁ ወጥቶም ስድቡ ቶሎ አልጠፋም፤ በሽሮ ሜዳ ያደጉ ልጆቻችን ብዙዎቹ ይህን ሰምተው ነው ያደጉት። ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ፣ አዝማሪ ሁሉም በአንድ መዝገብ የተጻፉ የስድብ ስሞች ነበሩ። ታዲያ ከዚያ መዝገብ የራሳችንን ስም ፍቀን የአዝማሪን ስም ለልጃችን ማስፈራሪያ ማድረግ ምን ይባላል? የተሰደበ ሰው ሌላውን ለመስደብ መፍጠን የለበትም።

ሁለተኛም «ቴአትር የከተማ ነገር ነው፤ የእኛ ባህል አይደለም» የሚል አለ። ይህን የሚል ሰው የጋሞን ለቅሶ አላየም ማለት ነው። የአንድ ትልቅ ሰው ለቅሶ ሲሆን ወንዶች ጦር ይዘው ወደ ለቅሶው ሜዳ እየሮጡ ሲገቡ፣ ጀግንነቱን ሲያሳዩ፣ ሴቶች እየተቀባበሉ ሲያወርዱት ይህ ምንድን ነው? ሟቹን በመካከላችን እንደ ገና አቁመን ማየታችን አይደለም ወይ? ዘፈናችንም እንዲሁ ነው። የዶርዜ ዘፈን በአንድ ሰው ድምፅ አይቆምም። አንዱ ይጀምራል፤ ሌላው በራሱ ድምፅ ይገባል፤ ሦስተኛው ከላይ ይጥልበታል፤ እያንዳንዱ የየራሱን ይዞ አንድ ላይ ይሄዳል። ከውጭ አገር የመጡ ሙዚቃ አዋቂዎች ይህን ሰምተው ተደንቀዋል፤ ቀርፀውም ወስደዋል። አንዱ ድምፅ ቢጎድል ዘፈኑ ይጎድላል። የሴቲቱን ድምፅ ከመድረክ ስናስወጣ ያየነው ጉድለት ይኸው ነው፤ ልቅሶው ሳቅ ሆነ።

ደግሞም ዕድራችንን ራሱን ተመልከቱት። ለቅሶ ቤት እንጨት ፈላጩ፣ ድንኳን ተካዩ፣ ጥሩምባ ነፊው ወንድ ነው። ነገር ግን ውሃው የሚቀዳው፣ ንፍሮው የሚቀቀለው፣ ሐዘንተኛዋ ተደግፋ የምትቀመጠው በሴቶቻችን እጅ ነው። እነርሱ ባይኖሩ ዕድር የሚባል ነገር አይኖርም። ሆኖም በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ስንት ሴት ተነሥታ ትናገራለች? ብዙዎቹ ከኋላ ተቀምጠው ለጎረቤታቸው በጆሮ ያንሾካሹካሉ። ሐሳብ የላቸውም ብለን አናምንም። ቆሞ መናገርን ማንም አላስተማራቸውም፤ ያ ነው ነገሩ። ወይዘሮ ስንዱ ያስተማሩት ይህንኑ ነበር።

ስለሆነም የዚህን ዓመት ማስታወሻችንን በምኞት ብቻ አንዘጋም። የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴያችን ለሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ ሦስት ነገር ያቀርባል። አንደኛ፣ ወጣቶቹ ለልምምድ በፈለጉ ጊዜ፣ ለቅሶ በሌለበት ቀን፣ ድንኳኑና አግዳሚው ያለ ኪራይ ይሰጣቸው። ሁለተኛ፣ በልምምዱ ላይ ከኮሚቴው አንድ እናትና አንድ አባት በተራ እየተገኙ ይቀመጡ፤ ይህም የወላጅን ሥጋት ለማብረድ ነው፤ ሥጋቱን መናቅ አይገባንምና። ሦስተኛ፣ ያቺን ልጅ የከለከሉትን ወላጆች ሽማግሌ ሆነን ሄደን እንጠይቃቸው። ያኔ ሳንሄድ መቅረታችን ጥፋት ስለ ሆነ፣ አሁን ስንሄድ መጀመሪያ የምንናገረው ቃል «ይቅርታ» ይሆናል። ቢፈቅዱ ቴአትሩ እንደ ገና ይታያል። ባይፈቅዱ ደግሞ ቤታቸው ነው፤ ቡና ጠጥተን እንመለሳለን፤ ሌላ ቀን እንደ ገና እንሄዳለን።

የዶርዜ ቤት እንዴት እንደሚኖር ታውቃላችሁ። ከቀርከሃ ተሠርቶ እንሰት ይለብሳል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው፣ የተበላው ተቆርጦ ቤቱ ዝቅ ይላል እንጂ አይፈርስም፤ አስፈላጊም ከሆነ ሰው ተሰብስቦ ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ያዞረዋል። ልማድም እንዲሁ ይመስለናል። የተበላውን ክፍል መቁረጥ ቤቱን ማፍረስ አይደለም። ሴት ልጅን ከመድረክ የሚከለክለው ልማድ የተበላው ክፍል ነው። ተሸክመን እናዙረው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ አባቶች። እኛ ድርን በእጃችን የምናውቅ ሰዎች ነን። ማግ የሌለው ድር ግን ክር ነው እንጂ ሸማ አይደለም። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ቀብራቸው ላይ ቆመን አላለቀስንላቸውም። አሁን ግን፣ የሩቅ ለቅሶ ቢሆንም፣ ደርሰናል።

ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን።